«ፕሮፖዛል የሚጽፍልን ሰው አሥር በመቶ ይጠይቀናል፤ እንስማማ?»

ከጅማ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «መንደራ ቆጪ ውስጥ የምንሠራ ትንሽ ማኅበር ነን። አሥራ አንድ አባላት አሉን፤ ሰባታችን ሴቶች ነን። ከተመዘገብን ሦስት ዓመት ሆነን። ከኪሳችን እያዋጣን ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ እንሰፋለን፤ ለሴት ተማሪዎች እናድላለን። ዘንድሮ ለሁለት የውጭ ፋውንዴሽኖች አመልክተን ነበር። አንዱ አይሆንም አለን፣ ሌላው መልስም አልሰጠን። አሁን አንድ ሰው ‹እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ ገንዘቡ ሲመጣ አሥር በመቶ ትሰጡኛላችሁ› ይለናል። እንስማማ? ካልሆነስ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ከሰውዬው ልጀምር። አትስማሙ።

ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ግን አሥር በመቶውን ከየት ታወጡታላችሁ? ፋውንዴሽን የሚሰጠው ገንዘብ እያንዳንዱ ብር ቦታ አለው። ይህ ለጨርቅ፣ ይህ ለትራንስፖርት፣ ይህ ለሂሳብ ሠራተኛ ተብሎ ተፈርሞበታል። «ለፕሮፖዛል ጸሐፊ ኮሚሽን» የሚባል መስመር የለም። ስለዚህ ያንን ገንዘብ ለመክፈል ከሌላ መስመር ላይ ማንሳትና ደረሰኝ መፈለግ ይመጣል። በጎ ሥራ የጀመሩ ልጆች ስማቸው የሚበላሸው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ሲሆን አይቻለሁ። በአሜሪካ የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም አባላቱ ከሚገኘው ገንዘብ ላይ በመቶኛ እንዳይከፈላቸው ይከለክላል። ብዙ ፋውንዴሽኖች ደግሞ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለወጣ ወጪ አንከፍልም ይላሉ።

እርዳታ ካስፈለጋችሁ ለሥራው የተወሰነ ዋጋ ተስማሙ። ገንዘቡ መጣም አልመጣም የሚከፈል፣ ከራሳችሁ መዋጮ። ካልቻላችሁ ራሳችሁ ጻፉትና እንግሊዝኛውን የሚያርም ሰው ፈልጉ። ጅማ ውስጥ ይህ አይጠፋም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ያደረገ ተቋም ነው። ሦስት ገጽ አንብቦ የሚያርምላችሁ መምህር ማግኘት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን የወደቃችሁት በአጻጻፍ አይመስለኝም። ለትንንሽ ማኅበራት ማመልከቻ በመጻፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ በማዶ በኩል፣ ከመራጮቹ ጋር ተቀምጬ ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው ገና ሳይጻፍ መሆኑን ነው። ለማይሆን ሰው ይላካል፤ ወይም ከወረቀቱ ጀርባ መረጃ የለም።

መጀመሪያ «ለማን» የሚለውን እንይ።

ፋውንዴሽን ማለት ገንዘብ ያለው ሁሉ ማለት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ወይም ኩባንያ ሀብቱን አስቀምጦ፣ ከእሱ እየቀነሰ ለመረጠው ዓላማ የሚሰጥበት ተቋም ነው። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት አለበት። ስለዚህ መስጠት ግዴታው ነው። ለማን እንደሚሰጥ ግን የሚመርጠው ራሱ ነው። አንዳንዱ በሩን ለሁሉም ይከፍታል። ብዙው ደግሞ ራሱ የሚያውቃቸውን ብቻ ይጋብዛል። ጌትስ ፋውንዴሽን ለምሳሌ በአብዛኛው የሚሠራው ራሱ ከመረጣቸው ድርጅቶች ጋር ነው። ለእሱ ከመንደራ ቆጪ ደብዳቤ መላክ ጊዜ ማባከን ነው።

ይህን ቀድሞ የማወቂያ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990-ፒኤፍ የሚባል ሪፖርት ያስገባሉ። ይህ ፎርም ለሕዝብ ክፍት ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የፋውንዴሽኑን ስም ጽፋችሁ በነፃ ታገኙታላችሁ። መጨረሻው አካባቢ በዓመቱ ገንዘብ የተሰጣቸው ድርጅቶች ስም፣ አገር፣ የተሰጠው መጠንና ዓላማው ተዘርዝሯል። እዚያው አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት «አስቀድመን ለመረጥናቸው ድርጅቶች ብቻ ነው የምንሰጠው፣ ያልጠየቅነውን ማመልከቻ አንቀበልም» ማለት ነው። ይቺን ሣጥን ማየት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እናንተ ያመለከታችሁበትን ፋውንዴሽን ፎርም ዛሬውኑ አውጡና እዩት። መልስ ያልሰጣችሁ ምናልባት በዚህ ይሆናል። የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም ሂሳባቸው በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ዝርዝሩን ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። ለአፍሪካ ሰጥተው ያውቃሉ? እንደ እናንተ ላለ ትንሽ ድርጅት ሰጥተው ያውቃሉ? ትንሹ የሰጡት ስንት ነው? ትንሹ 200,000 ዶላር ከሆነ እናንተ የምትጠይቁት፣ ለምሳሌ 6,000 ዶላር፣ አይመቻቸውም። ለስድስት ሺህም ለሁለት መቶ ሺህም የሚያስፈልገው የወረቀት ሥራ ያው ነውና።

ለእናንተ ዓይነቱ ማኅበር በቅርብ የሚሆኑት በሴቶች የሚመሩ ድርጅቶችን የሚደግፉት ናቸው። መቀመጫው አክራ የሆነውና በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ አንዱ ነው። ከአሥራ አንዱ ሰባታችሁ ሴቶች መሆናችሁ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊቀመንበሯና ፈራሚዎቹ ሴቶች ከሆኑ ደግሞ የበለጠ። ከፋውንዴሽን ውጭም ቢሆን የካናዳ ኤምባሲ ለአገር በቀል ሥራዎች የሚሰጠው ፈንድና የጃፓን ኤምባሲ የአነስተኛ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ጥሪያቸው ሲወጣ ገጻቸውን ተከታተሉ። ከጥር 2017 ጀምሮ አሜሪካ አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን ካቆመች ወዲህ ትልልቆቹ ድርጅቶችም ወደ እነዚህ ትንንሽ በሮች መጥተዋል። ውድድሩ ከብዷል። ስለዚህ ለአሥር ቦታ አንድ ዓይነት ወረቀት ከመበተን ለሁለት ቦታ በደንብ ማመልከት ይሻላል።

አሁን ወደ ፋይላችሁ። ይህ ክፍል አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት እሱ ነው።

የአሜሪካ ፋውንዴሽን ጥያቄ ሲያበዛባችሁ የተጠራጠራችሁ አይምሰላችሁ። ከ1969 እ.ኤ.አ. የታክስ ሕግ ወዲህ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሲሰጥ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ድርጅቱ ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እኩል መሆኑን በሰነድ ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ቀድሞ ማጣራት፣ የጽሑፍ ውል፣ ገንዘቡን ለብቻ መያዝ፣ ሪፖርት። ይህን ካላደረገ እሱው ቅጣት ይከፍላል። እንግዲህ «የቦርድ አባላት ዝርዝር ላኩ፣ መተዳደሪያ ደንብ ላኩ» ሲሏችሁ ሕጋቸውን እየፈጸሙ ነው።

ስለዚህ አንድ ፎልደር ክፈቱ። የምዝገባ ሰርተፍኬት ይግባ፤ ጊዜው እንዳላለፈ እዩ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድና የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ የቲን ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ማረጋገጫ፣ የሁለት ዓመት የሂሳብ ሪፖርት፣ የሥራ ሪፖርት። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማ ይኑርበት። አንዴ አንድ ማኅበር የላከልኝ ቃለ ጉባኤ አምስቱም ስብሰባ በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን የተጻፈ ነበር። ስብሰባዎቹ በእርግጥ ተካሂደው ሊሆን ይችላል። የሚያነበው ሰው ግን ያንን አያምንም።

ሌላው የጅማ ጉዳይ ነው። ከወረዳና ከከተማ ጽሕፈት ቤቶች የምታገኙት የድጋፍ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ፋውንዴሽኑ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። የማመልከቻው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ተርጓሚ ፍለጋ ከመሮጥ አሁኑኑ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙና ሁለቱንም አንድ ላይ ስካን አድርጉ።

በሕግ በኩል የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን (ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች) የሚሠራ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ቀድሞ በአዋጅ 621/2001 ጊዜ 30 በመቶ ነበር። የተመዘገባችሁት በክልል ከሆነ የክልሉን ድንጋጌ ጠይቃችሁ በእሱ ሂዱ። በጀታችሁን ስትሠሩ ይህን ጣሪያ ከመጀመሪያው አስቡት።

ሂሳብ የምትይዙበት ደብተር አለ? ከኪሳችሁ ያዋጣችሁት ገንዘብም ቢሆን ተመዝግቦ ይቀመጥ። «የራሳችን ገንዘብ ስለነበር አልመዘገብነውም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያኮራው ማስረጃ እሱ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ለሦስት ዓመት በየወሩ እንዳዋጣ የሚያሳይ አንድ ገጽ የዓላማ መግለጫ ከሞሉ አሥር ገጾች ይበልጣል።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ።

ብዙው ማመልከቻ እንዲህ ይጀምራል፦ «በጅማ ዞን በርካታ ሴት ተማሪዎች በንጽህና መጠበቂያ እጥረት ከትምህርት ገበታቸው ይስተጓጎላሉ። ማኅበራችን ይህን ዘርፈ ብዙ ችግር በዘላቂነት ለመቅረፍ...» ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም። ግን ማንም፣ የትም ሆኖ ሊጽፈው ይችላል። «ጅማ» የሚለውን አውጥታችሁ «ደሴ» ብታስገቡበት የሚቀየር ነገር የለም።

አሁን ይህን አንብቡት፦ «ባለፈው ዓመት በሁለት ትምህርት ቤቶች ለ64 ተማሪዎች ሰጠን። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰን 51ዱን አገኘናቸው። 38ቱ እየተጠቀሙበት ነው። 13ቱ ትተውታል። ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማጠቢያ ውሃ የለም፣ ቤት ደግሞ ወንድሞቻቸው በሚያዩት ገመድ ላይ ማስጣት ያፍራሉ።» ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት፤ የእናንተን ከደብተራችሁ ተኩበት። ልዩነቱ ግን ይታያችሁ። ሁለተኛውን የጻፈ ሰው ተመልሶ ሄዷል። ጠይቋል። ያልተሳካውንም ተናግሯል። መራጩ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ቀጣዩ ሥራ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ጉዳዩ ተጨማሪ ሞዴስ ብቻ አይደለም፤ ማጠቢያና የተከለለ ማስጫ ቦታ ነው። ጥሩ ፕሮፖዛል እንዲህ ራሱ እየመራ ይሄዳል።

13ቱን አትደብቋቸው። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። እኔ ባነበብኳቸው ማመልከቻዎች ግን ሁሉ ነገር ተሳካልን የሚለው ነው ጥርጣሬ የሚያስነሳው።

እስካሁን ተመልሳችሁ ካልሄዳችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ሂዱ። ደብተር ያዙ። ልጆቹን በአፋን ኦሮሞ ጠይቁ፤ የምትጠይቀውም ሴት ትሁን። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉት። ስማቸውን አታውጡ፣ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ። አሁን አሁን ፋውንዴሽኖች የልጆች ጥበቃ ፖሊሲ አላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከሌላችሁ አንድ ገጽ ጻፉና ቦርዱ ያጽድቀው።

አንድ የአካባቢያችን ነገር ልጨምር። ውጤታችሁን በተማሪዎች መቅረት ልትለኩ ካሰባችሁ ወሩን አስቡበት። በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ በኩል ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት በዚያ ምክንያትም ነው። የመጀመሪያውን ቆጠራ በኅዳር፣ ሁለተኛውን በመጋቢት ብታደርጉ ቁጥሩ በጣም ያምራል። ግን የቀነሰው የቡናው ወቅት ስላለፈ ነው። መጋቢትን ከመጋቢት ጋር አወዳድሩ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማመልከቻው ውስጥ ብትጽፉት አካባቢውን እንደምታውቁት ከምንም በላይ ይናገራል።

ሎጂካል ፍሬምወርክ የሚባለውን፣ ዓላማንና ሥራን ከሚጠበቀው ውጤት ጋር የሚያያይዘውን ሠንጠረዥ ከጠየቋችሁ ሙሉት፤ ካልጠየቋችሁ ተዉት። አብዛኛው ትንሽ ፋውንዴሽን መጀመሪያ የሚፈልገው የሁለት ገጽ ኮንሰፕት ኖት፣ ማለትም የሥራው ሐሳብ አጭር መግለጫ ነው። ገጽ ከገደቡ ገደቡን ጠብቁ።

በጀቱ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። መራጭ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገልጠው በጀቱን ነው። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። በጀት አይዋሽም። ጽሑፉ «ለልጃገረዶች ነው» ይላል፤ በጀቱ ግማሹን ለስብሰባ አበል መድቧል። ወይ ጽሑፉ 120 ተማሪ ይላል፤ በጀቱ ለ150 ተሰልቷል። አንዱ ከሌላው ኮፒ ሲደረግ የሚመጣ ስህተት ነው፤ የሚያነበው ግን ግድየለሽነት አድርጎ ያየዋል።

እያንዳንዱን መስመር እንዴት እንደደረሳችሁበት አሳዩ። «ትራንስፖርት 1,200 ብር» አትበሉ። «ከጅማ ሰቃ በሚኒባስ፣ 2 ሰው በ4 ጉዞ፣ ደርሶ መልስ 150 ብር፣ ድምር 1,200 ብር» በሉ። ለጨርቁ ሂርማታ መርካቶ ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የራሳችሁን ድርሻም አስገቡ። የአባላት ጉልበት፣ ቤት ኪራይ የማትከፍሉበት ክፍል፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቻችሁ። ይህ ልመና ሳይሆን አብሮ መሥራት መሆኑን ያሳያል።

ብሩን ወደ ዶላር ስትቀይሩ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀኑን ጻፉ። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 58 ብር እንኳ የማይሞላው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያኔ ውል የነበራቸው ማኅበራት በብር ብዙ ገንዘብ በእጃቸው ገባ፤ ወዲያው ደግሞ ዋጋው ተከትሎ ወጣ። ቀንና ምንዛሪ ጽፈው የነበሩት ማሻሻያ ለመጠየቅ አልተቸገሩም።

ዓመቱንም አስተውሉ። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የብዙዎቹ ፋውንዴሽኖች ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የሂሳብ ሪፖርታችሁ ላይ «2016» ብቻ ብትጽፉ ከእውነተኛው ጊዜ በሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ሰነድ ይመስላቸዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ።

ሰዓትም እንደዚሁ። አብሬው የሠራሁት አንድ ማኅበር ጥሩ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። ማብቂያው በጁን ወር፣ በብራሰልስ ሰዓት 5:00 ፒ.ኤም. ይላል። ልጆቹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ብለው አነበቡት። እስከ ሌሊቱ ተቀምጠው ሲያስተካክሉ ድረ ገጹ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተዘግቶ ነበር። ሊጭኑ ሲሉ ነው ያወቁት። የዓመት ልፋት ነበር፤ የአንዷ ልጅ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። የኒው ዮርክ 5:00 ፒ.ኤም. ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ የእነሱ ቀዝቃዛ ወቅት ሲገባ 7 ሰዓት ይሆናል። ለማንኛውም ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። መብራትና ኢንተርኔት ለእናንተ ቀጠሮ አይጠብቁም።

ከተፈቀደላችሁ በኋላ ያለው ሥራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። የፕሮጀክት ስምምነት መፈራረም ሲመጣ ያኔ ገና ራሳችሁን የምታስተዋውቁ እንዳትሆኑ። ርዕሰ መምህራኑም ማጠቢያው የት እንደሚሠራ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን አብረው ይወስኑ።

አይሆንም ላላችሁ ፋውንዴሽን ደግሞ ዛሬውኑ ጻፉ። አትከራከሩ፣ አታማርሩ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ማመልከቻችንን ጊዜ ወስዳችሁ ስላነበባችሁልን እናመሰግናለን። ለወደፊቱ እንድንማርበት፣ ያልተመረጠበትን ዋና ምክንያት በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትነግሩን ደስ ይለናል። ሥራችን ከዓላማችሁ ጋር የማይሄድ ከሆነም ንገሩን።» አንዳንዶቹ አይመልሱም። የሚመልሱት ግን ጠቃሚ ነገር ይነግሯችኋል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚሆናችሁ የሚጠቁሙም አሉ። መልሱ ሲመጣ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጡት። የተማሪዎቹን ደብተርና ያን ደብዳቤ ይዛችሁ ብትመጡ ቀጣዩን ኮንሰፕት ኖት አብረን እናየዋለን።